የጋሼ ሬይ አጭር ሳንቃ

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሐዋሳ ያሉ ወዳጆቼ፣ እንደኔው ጡረታ የወጡ መምህራን፣ በየተራ ቤቴ እየመጡ አሜሪካን እንድነግራቸው ይጠይቁኛል። የሚጠብቁት ፎቁን፣ መንገዱንና የፊልም ተዋናዮቹን ነው። እኔ አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ ግን አንድ ሳንቃ ነው። ሳንቃ ስላቸው ይስቃሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ቀን በቀን ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ይህን ያንብብ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሠላሳ አራት ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ሰው እንዴት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚወድቅ ማየት እንጀራዬ ነበር። ፊሽካዬን ጡረታ ስወጣም አልፈታሁትም፤ ዛሬም አንገቴ ላይ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። አውቀዋለሁ ያልኩት ነገር በስተርጅና እንዴት እንደተገለበጠብኝ እንድታዩልኝ ነው።

ቅዳሜ

ከሐዋሳ የተነሳሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ዝዋይ አጠገብ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ክሪክ አልያዘም ነበርና መንገደኛ መኪና አስቁሞ እስኪዋስ ድረስ ግራር ሥር ተቀመጥን። አንዲት ተሳፋሪ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ለሁላችንም አዞረች። ቦሌ በሰዓቱ ደረስኩ። ስለ አውሮፕላኑ የምለው ብዙ የለኝም፤ እግሬ አበጠ፣ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ አሁንም ሰማይ ላይ ነበርን።

የምሄደው ታናሽ እህቴን መስከረምን ለማየት ነው። በመካከላችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለ። እናታችን ስታርፍ እሷ ገና ስድስት ዓመቷ ስለነበር ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዲቪ ደርሷት ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት አለፋት፤ እዚያ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከበች ትኖራለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በባሕር ማዕበል ላይ በሳንቃ መንሸራተት እንደጀመረች በስልክ ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁባት። ሐይቅ ዳር አድጋ እግሯን እንኳ እንድትነክር ያልፈቀድኩላት ልጅ ናት። ኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶው ጭራሽ እንቅልፍ ነሳኝና በዓይኔ ሳላየው አልሞትም አልኩ።

እሑድ

ሻንጣዬ እንዳይጠፋብኝ አረንጓዴ ሪባን አስሬበት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ግማሹ አረንጓዴ ሪባን እንደሚያስር በምን ልወቅ? ደስ ብሎኝ አንዱን ጎትቼ ወጣሁ። መስከረም በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ቤት ደርሰን ሻንጣውን ስንከፍት ሦስት የወንድ ሙሉ ልብስና አንድ ከበሮ ወጣ።

ቤቷ ኮሪያታውን በሚባል ሠፈር፣ ማስታወቂያው ሁሉ በኮሪያኛ በተጻፈበት ጎዳና ላይ ነው። ሁለት ክፍሉን ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ጋር ትጋራለች። ልጅቷ አልጋዋን ለእኔ ለቃ ሶፋ ላይ እንደምትተኛ ስትነግረኝ ተከራከርኳት፤ ግን አንሶላውን ቀይራ ጨርሳለች።

ሻንጣው ላይ በተጻፈው ቁጥር ደወልን። ሰውዬው የኔን ከፍቶ በርበሬውን ካየ በኋላ ሲስቅ ነበር የቆየው። «ፌርፋክስ፣ ጋሼ ንጉሴ ሱቅ እንገናኝ» አለን። ያ ጎዳና ሊትል ኢትዮጵያ የሚሉት ነው። ትልቅ ሠፈር መስሎኝ ዓይኔን አፍጥጬ ስሄድ አልቆብኝ ተገኘ። ምግብ ቤቶች፣ ሱቆች፣ አንድ ብሎክ፣ በቃ። እኛ ጋ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ከሚወስደው መንገድ ግማሹን አይሞላም። ሰው ሁሉ በመኪና መጥቶ፣ የሚፈልገውን ገዝቶ ወይ በልቶ፣ በመኪና ይሄዳል።

ሻንጣችንን ተለዋወጥን። ጋሼ ንጉሴ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥም ኮት አይለያቸውም። ያመጣሁትን ሽሮ አሽትተው «እህትሽ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌን ወርሳብኛለች፣ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ከጤፍ ከረጢቶቹ ኋላ ሁለት ሳንቃዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ከበር የሚረዝም ነው። ሁለተኛው ቀጭን፣ ወተት መልክ ያለው፣ መሐል ለመሐል ቀጭን የእንጨት መስመር የተሰመረበት፣ ከመስከረም ቁመት አንድ ክንድ ያህል ብቻ የሚበልጥ ነው።

«በሰማያዊው ኦኬ ነኝ» አለች መስከረም። «ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይሄኛው ላይ ግን እትዬ፣ መቆም ይቅርና በደረቴ ተኝቼ በእጄ ፓድል ማድረግ አቃተኝ። ይገለብጠኛል።»

«ታዲያ ለምን አትተይውም?»

«የጋሼ ሬይ ነዋ።»

ጋሼ ሬይ የምትንከባከባቸው ሰው ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። በወጣትነታቸው በዚህ ሳንቃ ያልወጡበት ማዕበል አልነበረም ይባላል። በሚመጣው እሑድ ጠዋት ልጃቸው ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ሳንቃውን ለመስከረም ሰጧት፤ በለውጡ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሰው ቆሞበት አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ።

«ስንት ቀን አለሽ?» አልኳት።

«እስከ ቅዳሜ።»

አራት ዓመት እንደተንከባከበቻቸውና ከዚያ በኋላ እንደማታያቸው የነገረችኝ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ይህን ስትል መንገዱን እንጂ እኔን አላየችም።

ሰኞ

ሥራዋ የሚጀምረው ረፋዱ ላይ ስለሆነ በማለዳ ጋሼ ንጉሴን አስከፍተን ሳንቃውን አወጣን። መኪናዋ ውስጥ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ መስታወት ተጋደመ፤ እኔ ከጎኑ ተሸብልዬ ተቀመጥኩ። «ሃያ ደቂቃ ድራይቭ ባደርግ ነው» ያለችው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከመኪና ወርደን አሸዋው ላይ ስንወጣ ውቅያኖሱን አየሁት። ስልሳ ዓመት ውሃ ዳር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ውሃ አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር። የኛ ሐይቅ ግን ወዲያ ማዶ አለው። ተራራው አለ፣ ዛፉ አለ፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለ። ይኼኛው ማዶ የለውም። ዓይኔ ሄዶ ሄዶ የሚመለስበት አጣ። ከዚያ ድምፁ፤ ሐይቃችን ዳር ላይ የሚያንሾካሹከውን ያህል አይደለም፣ ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። መስከረም ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «ደህና ነኝ፣ ሂጂ» አልኳት። ደህና አልነበርኩም። እግዚአብሔር ይህን ሲሠራ እኛን ለምን ጨምሮ እንዳሰበን እያሰላሰልኩ ነበር።

እህቴ ጥቁር የጎማ ልብሷን ለብሳ፣ ሳንቃውን በገመድ ከቁርጭምጭሚቷ ጋር አስራ ገባች። በደረቷ ተኛችበት። በሁለት እጇ ስትቀዝፍ የሳንቃው አፍንጫ ውሃ ውስጥ ጠለቀና በራሷ ላይ ተገለበጠ። ወጣች። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ሸሸች፤ አፍንጫው ሰማይ አየ፣ ጭራው ሰመጠ፣ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ስትወድቅ ቆጠርኩ። ሌሎቹ በአጠገቧ ሽው እያሉ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ከኔ የሚበልጡ ሽበታሞች ናቸው።

ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። የኔ እህት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ደፍራ መግባቷ አስፈራኝም አኮራኝም። የተናገርኩት ግን «እግርሽን ለምን ትከፍቺያለሽ?» የሚል ነበር። መምህር ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ማክሰኞ

እግሯን መክፈቷ እውነት ነው። ረጅሙ ሳንቃ ሰፊ ስለሆነ እንደ ፍራሽ ያንሳፍፋል፤ እግር ቢከፈትም ባይከፈትም ግድ የለውም። አጭሩ ላይ ግን አንድ እግር ወደ ጎን ሲወጣ ዳሌ ይከተለዋል፣ ዳሌ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። መሐረቤን አውጥቼ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿ መካከል አስያዝኳት። «መሐረቡ ከተንሳፈፈ እግርሽን ከፍተሻል ማለት ነው» አልኳት። ሐዋሳ ያስተማርኳቸው ሁሉ ይህን መሐረብ ያውቁታል።

ሠራ። አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝፋ ሳትወድቅ ቆየች። ከዚያ መሐረቡ ነጭ ሆኖ ከኋላዋ ሲንሳፈፍ አየሁና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ፊሽካዬን ነፋሁ።

ውሃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ግማሾቹ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመሩ። ከሩቅ አንድ ቢጫ መኪና አሸዋውን እያቦነነ መጣና አንዲት ቀይ የለበሰች የባሕር ጠባቂ ወረደች። መስከረም እየሮጠች ደርሳ ባታስረዳልኝ የት እንደሚወስዱኝ እንጃ። ልጅቷ ሰምታ ሳቀች። ፊሽካውን ኪሴ ውስጥ እንዳደርገው በትሕትና ለመነችኝ፤ ስንቀጠቀጥ አይታ ደግሞ ከመኪናዋ ብርድ ልብስ አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለች። የኛ አገር ዘበኛ ቢሆን ፊሽካው ቀርቶ እኔም አልመለስም ነበር።

«እትዬ፣ ፕሊስ ሁለተኛ እንዳትነፊ» አለችኝ መስከረም፣ ውሃው ከጸጉሯ እየተንጠባጠበ።

ረቡዕ

ጋሼ ሬይ ምሳ ጠሩኝ። ቤታቸው ከፌርፋክስ ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ፒኮ ሮበርትሰን፣ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ሳሎኑ ግማሹ በካርቶን ታሽጓል። ሶፋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከጓዳ የወንበር ጎማ ድምፅ መጣ። መስከረም ብድግ አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ኖር» አለች።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው የነጣ ሽማግሌ በሩ ላይ ወንበራቸውን አቁመው «በግዜር» አሉ።

እኔም ተነስቼ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ አገር፣ በዚያ ምላስ፣ ያን ቃል እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። መስከረም ሳቀች። «ሥራ የጀመርኩ ጊዜ በገቡ ቁጥር ስነሳ ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ሲገባ የሚነሱለት ሰው በእግዜር ካላለ የተነሳለት ሰው መቀመጥ አይችልም አልኳቸው። አሁን ኖር ካላልኩ በሩ ላይ ይቆማሉ እንጂ አይገቡም።»

ረቡዕ መሆኑን፣ እኔም እንደምጾም ጠይቀው አውቀዋል። ቅቤም ሥጋም የሌለበት ዳቦ፣ ቲማቲምና አቮካዶ አሰናድተው ነበር። አቮካዶው የኛን አያህልም፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ከምሳ በኋላ ከመኪናው ያወጣነውን ሳንቃ ምንጣፍ ላይ በትራሶች መሐል አስቀምጠው መስከረምን አስተኟት። በከዘራቸው ጫፍ ትከሻዋን እየነኩ ያዝዛሉ፣ እሷ ለእኔ ትተረጉማለች። ሁለት ጣት ወደ ፊት። ግማሽ ጣት ወደ ኋላ። እምብርትሽ ከእንጨቱ መስመር ላይ ይሁን። እጅሽን ከሳንቃው ሳታርቂ ጠለቅ አድርገሽ ሳቢ። አፍንጫውን አትይ፣ የምትሄጂበትን እይ። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ደረቷ በሚያርፍበት ላይ ምልክት እንዲሆናት አንድ ቁራጭ ሰም ለጥፈው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። 

«ረጅሙ ሳንቃ ይቅር ይላል» አሉ። «ይሄ ይቅር አይልም። ግን አይዋሽሽም።»

ስንወጣ መስከረምን ጠርተው አንድ ነገር አሏት። በሩ ላይ ምን እንዳሏት ጠየቅኳት። ሳንቃውን ማንም ሳይቆምበት ትተውት ከሄዱ፣ ቀድሞ ያ ሁሉ የሆነው በእውነት ስለመሆኑ መጠራጠር እንደሚጀምሩ ነበር የነገሯት።

ሐሙስ

ሰሙ ላይ ደረቷን፣ መሐረቡ ላይ እግሯን አድርጋ ገባች። በእውነት ነው የምለው፣ አፌን ይዤ ነበር የማየው። ሳንቃው እንደ ቢላዋ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሠላሳ ጊዜ ቀዘፈች። ከዚያ ምንም ሳይነካት ወደ ቀኝ ተገለበጠች።

ደግማ ጀመረች። አርባ ጊዜ። ተገለበጠች።

ተማሪ ሲወድቅ አወዳደቁን አላይም፤ ከመውደቁ ትንሽ ቀደም ብሎ የሆነውን ነው የማየው። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ቁጭ አልኩና ይህንኑ መከታተል ያዝኩ። አንድ ጺማም ሽማግሌ በአጠገቧ አለፉ፤ ወደቀች። ሦስት ጎረምሶች አለፉ፤ አልወደቀችም። አንዲት ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሴትዮ በቢጫ ሳንቃ አለፉ፤ ወደቀች። ጎረምሳ አለፈ፤ ምንም። ጺማሙ ሽማግሌ ተመለሱ፤ ወደቀች።

ብድግ ብዬ ወደ ውሃው ጫፍ ሄድኩ። አሁን ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ትልቅ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ እህቴ ትከሻዋን ከሳንቃው ታነሳለች፣ ቀኝ እጇን ከውሃው አውጥታ ወደ ደረቷ ትወስዳለች፣ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። በደረቷ ተኝታ፣ በውቅያኖስ መሐል፣ ኖር ትላለች።

መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ ሳቄ ተቋረጠ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝና። ሰባት ዓመቷ ሆኖ መጽሐፍ እያነበበች ሳለ የሠፈራችን ሽማግሌ ገቡና ልብ ሳትል ሳትነሳ ቀረች። እንግዳው እንደወጡ በአለንጋ እግሯን ገረፍኳት። ከዚያ እዚያው ሃያ ጊዜ አስነሳኋት፣ ሃያ ጊዜ አስቀመጥኳት። እናት የሌላት ልጅ ስድ ሆነች እንዳትባል ፈርቼ ነበር። እንደዚያ ያለ ትምህርት ከአጥንት አይወጣም፤ ያስተማርኩትም እንዳይወጣ ብዬ ነው።

«ሽማግሌ ሲያልፍ ትነሺያለሽ» አልኳት ስትወጣ።

«እኔ? አልነሳም።»

«ትነሺያለሽ። እጅሽን ደረትሽ ላይ ታደርጊያለሽ።»

ወደ ውሃው አየች። ሴትዮዋ በቢጫው ሳንቃቸው ሲያልፉ ቀኝ እጇ ከጎኗ ተነሳ፤ ሁለታችንም አየነው።

«ሶ በረጅሙም ሦስት ዓመት ሙሉ አደርገው ነበር ማለት ነው?»

«ረጅሙ ይችልሽ ነበራ።»

ስለ አለንጋው ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። ግን ፎጣውን አቀበልኳት።

ዓርብ

ባሕሩ ተቆጣ። ጠባቂዎቹ ቀይ ባንዲራ ሰቅለው ማንንም አላስገቡም። ለልምምድ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረን፤ እሱም በከንቱ ሊሄድብን ሆነ። መስከረም መሪውን ይዛ «በቃ፣ አልሆነም» አለች።

«ወደ ጋሼ ንጉሴ ንጂ» አልኳት።

ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያዎቹ መሐል፣ ሁለት የጤፍ ከረጢት አጋድመን ከላያቸው ጠባብ አግዳሚ ወንበር አደረግን። መስከረም በደረቷ ተኛችበት። ከረጢቱ ስለሚንከባለል ወንበሩ ልክ እንደ ሳንቃው ይወዛወዛል። መሐረቡን አስያዝኳት፣ አየሩን መቅዘፍ ጀመረች። «አሁን ጋሼ ንጉሴ በአጠገብሽ ያልፋሉ። በአፍሽ ሰላም በዪ። ከአንገትሽ በታች ግን ምንም ነገር እንዳይነቃነቅ።»

ጋሼ ንጉሴ ኮታቸውን ቆልፈው አለፉ። ትከሻዋ ተነሳ፣ ወንበሩ ተገለበጠ፣ እሷም ከበርበሬው ማሰሮዎች ሥር ተገኘች። ደግመው አለፉ። ደግማ ወደቀች።

በዚህ መሐል እትዬ አስካለ የሚባሉ ደንበኛ ዘንቢል ይዘው ገቡ። ፌርፋክስን ያቀኑት እሳቸው ናቸው ይባላል፤ ሲገቡ የማይነሳላቸው ሰው የለም። መስከረም ፊቷ ቀላ፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ግን በደረቷ እንደተኛች «ደህና ዋሉ እትዬ» አለች።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆሙ። «ምን ሆናለች? ታማለች?»

«አልታመመችም» አልኩ።

«ታዲያ ሰው ሲገባ እንዲህ ተጋድሞ ነው እንዴ ሰላም የሚባለው?»

እንደምንም አስረዳኋቸው፤ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ነገ። ሰምተው ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። «እንግዲያው እኔ ልለፍባት፤ ንጉሴ አያስነሳም» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው በመደርደሪያዎቹ መሐል እየተጎማለሉ ሄዱ፣ ተመለሱ። በየዙሩ ይበልጥ ይረጋሉ፣ ይበልጥ ይከብራሉ፣ አጠገቧ ሲደርሱ ሆን ብለው ይስላሉ። ሁለት ጊዜ ጣሏት። ሦስተኛው ላይ ተንገዳገደች። ዘጠነኛው ዙር ላይ እትዬ አስካለ ቆመው ደህንነቷን፣ የእህቷን ደህንነት፣ የሥራዋን ደህንነት ጠየቁ፤ መስከረም ሁሉንም በአፏ ብቻ መለሰች፣ እጆቿም መቅዘፋቸውን አላቆሙም።

«ይኸው» አሉ እትዬ አስካለ። «ሳይነሱልኝ ስደሰት የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።» ከገዙት ብርቱካን ግማሹን አግዳሚው ላይ ትተውልን ወጡ።

መኪና ውስጥ መስከረም «ግን እትዬ፣ ይሰቀጥጠኛል። ንቄያቸው የማልፍ ይመስለኛል» አለችኝ።

ከሐሙስ ጀምሮ ሳመነዥከው የነበረውን ነገርኳት። «እኔ በአለንጋ ያስተማርኩሽ ልክ አልነበረም። አለንጋውን ይቅር በዪኝ። ሰላምታውን ግን አትተይው፤ አቆይው። እግርሽ ከሥርሽ ሲገባ ያን ጊዜ ትሰጪያለሽ።»

 መብራት ሲይዘን እጄን ያዘችኝ።

ቅዳሜ

ሰማዩ ጠራ። ጋሼ ንጉሴ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ በራሳቸው መኪና ጋሼ ሬይን አመጡልን። ያቺ የባሕር ጠባቂ አሸዋ ውስጥ የማይሰምጥ፣ ጎማው ፊኛ የመሰለ ተሽከርካሪ ወንበር አውጥታ አዋሰችን። ሦስታችን እየገፋን ውሃው ጫፍ አደረስናቸው። ጋሼ ሬይ ባሕሩን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። እኔ ሰኞ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የሆንኩትን፣ እሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩት ሆኑ።

መስከረም ገባች። ደረቷ ሰሙ ላይ፣ እግሮቿ ገጥመው፤ መሐረቡን አልፈለገችውም። ጺማሙ ሽማግሌ አለፉ።  አልተነቃነቀችም። ሴትዮዋ በቢጫ ሳንቃ አለፉ፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ትከሻዋ ግን እንዳለ ነው። ማዕበሉ ከሚነሳበት ስፍራ ደረሰችና ሳንቃዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

የመጀመሪያው ጥሩ ማዕበል መጣ። አጠገቧ ያለውን ሰው በእጇ ጋበዘችው። ሁለተኛው መጣ። ለጺማሙ ሽማግሌ አሳለፈችው። ጋሼ ሬይ ወደ እኔ ዞረው ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቁኝ። እንግሊዝኛዬ አልበቃ ስላለኝ ጋሼ ንጉሴን ይዤ በር ላይ እንደሚሆነው አደረግን፤ እኔ ይግቡ፣ እሳቸው አይሆንም አንቺ ግቢ። ጋሼ ሬይ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ነፋሱ እየተነሳ ነበር፤ ባሕሩ ሊበላሽ ነው ሲሉ ጋሼ ንጉሴ ተረጎሙልኝ።

ሦስተኛው መጣ። ከሁለቱ የሚበልጥ ነው። መስከረም ጸጉራቸው ጥጥ ወደ መሰለው ሴትዮ ዞራ እጇን ልትዘረጋ ስትል፣ ሴትዮዋ ቀድመው የራሳቸውን ሳንቃ አቆሙና በአገጫቸው ወደ ዳር ጠቆሟት። እትዬ አስካለን መሰሉኝ። እምቢ የሚባሉ ሴት አልነበሩም።

ተኛች፣ ቀዘፈች። እጆቿ ከሳንቃው ሳይርቁ ጠልቀው ገቡ። አገጯ ቀና አለ፤ የምታየው እኛን ነበር። ውሃው ከኋላዋ እንደ ግድግዳ ተነሳና አነሳት። አንድ አፍታ ጠፋችብኝ። ፊሽካዬን ጨብጬ ነበር፣ አልነፋሁትም።

ከዚያ ተነሳች።

ያን ሁሉ ውሃ ከሥሯ አድርጋ በጋሼ ሬይ ሳንቃ ላይ ቆመች። እኔ ያሳደግኳት ልጅ፣ እግሯን እንዳትነክር የከለከልኳት። ወደ ዳር እየመጣች ፊቷን ወደ ወንበሩ አዞረች፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች። ሳንቃው አልተነቃነቀም። ድምፅዋ በዚያ ጩኸት መሐል ሊሰማ አይችልም፤ ምን እንዳለች ግን ሦስታችንም አውቀናል።

ጋሼ ሬይ በሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ተጭነው ሊነሱ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ቀስ ብለው፣ ቤታቸው በር ላይ ቆመው በሚሉት ድምፅ «በግዜር» አሉ።

መስከረም ከዚያ ርቀት የሰማች ይመስል ጉልበቷን አጥፋ ሳንቃው ላይ ተቀመጠች።